ዊንዶውስ 7፣ ኤምኤስ17-010 እና «ኢንተርኔት የላቸውም» የሚባሉ ኮምፒውተሮች

አይቲዋ_ሐዋሳ — ሰኞ፣ ጠዋት 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት።

የምሠራው አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ነው። ከእኛ ጋር ሊሠራ ያሰበ ድርጅት «መጀመሪያ ኔትወርካችሁ ይታይልን» ብሎ ባለሙያ ልኮ ነበር። ሰውየው ላፕቶፑን ስዊቹ ላይ ሰክቶ ሲቃኝ ዋለና ሪፖርት ሰጠን። ሪፖርቱ ቀይ በቀይ ነው። በየኮምፒውተሩ አጠገብ «ኤምኤስ17-010 አልተጫነም፣ ደረጃ፦ ክሪቲካል» ይላል፤ ማይክሮሶፍት ለአንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ ያወጣው መጠገኛ (ፓች) ስም ነው።

ያለን ነገር እንዲህ ነው። የተማሪዎች ላብ ውስጥ ሠላሳ ገደማ ዊንዶውስ 7 አሉ፤ ሁሉም ዲፕ ፍሪዝ (ሪስታርት ሲደረግ ማሽኑን ወደ ቀድሞው የሚመልስ ፕሮግራም) አለባቸው። ፋይናንስ ጋ ጥቂት ዊንዶውስ 7፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም በሼር ፎልደር የሚሠሩ። ሬጅስትራር ጋ ደግሞ አንድ ኤክስፒ አለ፤ የመታወቂያ ማተሚያው ድራይቨር ከኤክስፒ ሌላ አልቀበልም ብሏል። ከፋይናንስና ከዲኑ ቢሮ በቀር ኢንተርኔት የሚያገኝ የለም።

አለቃዬን ሳናግራቸው «ኢንተርኔት የሌለውን ኮምፒውተር ማን ይደርስበታል? ደግሞ ይሄ የ2009 ወሬ ነው» አሉኝ። አዲስ ኮምፒውተር ዘንድሮ አይገዛም፤ እሱን ተዉት። ባሉት ማሽኖች ላይ ይህን ቀዳዳ መድፈን ይቻላል ወይ? ከየት ልጀምር? ዳታ ፓኬጅ የምገዛው ከኪሴ ስለሆነ ምን ምን ማውረድ እንዳለብኝ ቁርጡን ንገሩኝ።

ፎርማት_ጌታ — ሰኞ፣ ጠዋት 3፡41

ፎርማት አድርጊያቸውና ተገላገይ። በጎስት (በተዘጋጀ የዲስክ ቅጂ፣ ኢሜጅ) ላቡን በሙሉ አንድ ቀን ውስጥ ትጨርሺዋለሽ።

ሰርቨር_ክፍል — ሰኞ፣ ቀን 6፡05

@ፎርማት_ጌታ ወንድሜ፣ በየትኛው ጎስት? ያ ኢሜጅ የተሠራው ከመጋቢት 2009 በፊት ከሆነ ቀዳዳውን ራሱ መልሳ ልትጭነው ነው። ቫይረስ ይጠፋል፣ ማሽኑም ይፈጥናል፤ ቀዳዳው ግን ቫይረስ ስላልሆነ የትም አይሄድም። የዊንዶውሱ አካል ነው።

@አይቲዋ_ሐዋሳ መጀመሪያ ለአለቃሽ የምትመልሺውን ልስጥሽ፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ የትም አትደርሺም።

ማይክሮሶፍት ይህን ፓች ያወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ነው። የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ኤንኤስኤ ለራሱ ሲጠቀምበት የነበረውን «ኢተርናልብሉ» የተባለ መሣሪያ ሻዶው ብሮከርስ የተባሉት ሰዎች በይፋ የበተኑት ሚያዝያ 6 ነው (በዚያ ዓመት ስቅለት የዋለበት ቀን፤ እኛ ስንሰግድ እነሱ ሲያወርዱ ነበር)። በዚሁ መሣሪያ ከማሽን ወደ ማሽን ራሱን የሚያዛምት ትል፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ራንሰምዌር፣ ዋናክራይ ዓለምን ያመሰው ደግሞ ዓርብ ግንቦት 4። ፓቹ ከወጣ 59 ቀን ሆኖታል ማለት ነው። በእነዚያ 59 ቀናት ዊንዶውሱን አፕዴት ያደረገ ሰው በዚያ በር ትሉ አልገባበትም። ከ150 በላይ አገሮች፣ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮች ተመቱ። የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ብቻ ብንወስድ ከ236 የጤና ትረስቶች (ሆስፒታሎችን የሚያስተዳድሩ ተቋማት) ቢያንስ 80ዎቹ ተነክተዋል፤ አምስት ሆስፒታሎች አምቡላንስ ወደ ሌላ ቦታ እስከ መመለስ ደርሰዋል።

ያኔ ብዙ ሰው «የኤክስፒ ችግር ነው» ብሎ ነበር። አልነበረም። ካስፐርስኪ ባየው መሠረት ከተያዙት 98 በመቶ ገደማ ዊንዶውስ 7 ናቸው። ኤክስፒው አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን ሰጥቶ ይወድቅ ነበር እንጂ በደንብ አልተያዘም።

አሁን «ኢንተርኔት የላቸውም» ወደሚለው። እዚህ ላይ ነገሩ ተገልብጦ ነው ያለው። ዋናክራይ አንድ ማሽን ላይ ሲነሳ መጀመሪያ ትርጉም የለሽ ረጅም የድረ ገጽ አድራሻ ለመክፈት ይሞክራል። ከተከፈተለት ሥራውን ትቶ ይሞታል። ካልተከፈተለት ፋይል መቆለፉን ይቀጥላል። ማርከስ ሃቺንስ የተባለው እንግሊዛዊ ወጣት ያን አድራሻ ከ11 ዶላር ባነሰ ገንዘብ አስመዝግቦ ነው ዓለም አቀፉን ወረርሽኝ ያበረደው። እንግዲህ አስቢው፦ ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር አድራሻውን አግኝቶ ይተርፋል፤ የእናንተ ላብ ውስጥ ያለው ግን ምንም ስለማያገኝ ትሉ ወደ ሥራው ይገባል። አንድ ተማሪ ወይም አንድ ባለሙያ የተያዘ ላፕቶፕ ስዊቹ ላይ ከሰካ በቂ ነው። ትሉ ኢሜይል እንዲከፈትለትም ሆነ ሊንክ እንዲነካለት አይጠብቅም፤ ዊንዶውስ ፋይል በሚጋራበት በር፣ በ445 ፖርት፣ ከማሽን ወደ ማሽን ራሱ ይሄዳል።

«የ2009 ወሬ ነው» ላሉትም፦ የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ፣ ለአፕል ቺፕ የሚሠራው ማለት ነው፣ ሐምሌ 2010 ላይ በዚሁ ትል ፋብሪካዎቹ ቆመዋል። ፓቹ ከወጣ ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ። ምክንያቱ ከውጭ የተሰነዘረ ጥቃት አልነበረም፤ አዲስ የገባ ማሽን ሳይፈተሽ የውስጥ ኔትወርክ ላይ ስለተሰካ ነው። ማሽኖቹ ያልተጠገኑ ዊንዶውስ 7 ነበሩ።

ወደ ሥራው። ዛሬውኑ፣ ምንም ሳታወርጂ፣ ላቡ ውስጥ ፋይል ሼር የሚያደርግ ኮምፒውተር ከሌለ በየማሽኑ ፋየርዎል ላይ ኢንባውንድ (ወደ ማሽኑ የሚገባውን) 445 ዝጊ። የኤክስፒውን ኔትወርክ ኬብል ንቀይ። ይሄ ፋታ ይሰጥሻል።

ከዚያ የ2009ኙን ፓች ለብቻው ፍለጋ አትድከሚ። ዊንዶውስ 7 በነጻ ያገኘው የመጨረሻው ወርሃዊ ጥቅል ጥር 5 ቀን 2012 የወጣው ኬቢ4534310 ነው (ኬቢ የአፕዴቱ መለያ ቁጥር ነው)። ጥቅል ስለሆነ የኤምኤስ17-010ን መድኃኒት በውስጡ ይዟል፤ በ2011 የወጣውን የሪሞት ዴስክቶፕ ቀዳዳ፣ ብሉኪፕ የሚባለውንም ይደፍናል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ። ከእሱ በፊት ግን ሰርቪስ ፓክ 1 መኖሩን እዪ፤ ቀጥሎ ኬቢ4490628፣ ቀጥሎ ኬቢ4474419፣ ሪስታርት፣ በመጨረሻ ትልቁ። ሁሉም ማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ ላይ በነጻ አሉ። አንዴ አውርደሽ በፍላሽ ለሁሉም ማሽን ይሆናል። ባለ 32 ቢትና ባለ 64 ቢት ማሽኖችሽን ለይተሽ እወቂ፤ ትልቁ ፋይል ብዙ መቶ ሜጋ ነው፣ ተሳስተሽ ካወረድሽ ፓኬጅሽ ሜዳ ላይ ቀረ።

ካፌው_ሰው — ሰኞ፣ ቀን 7፡30

እህቴ ዲፕ ፍሪዙን እንዳትረሺው። እኔ ኢንተርኔት ካፌ አለኝ። ፍሪዝ የሆነ ማሽን ላይ የጫንሽው አፕዴት ሪስታርት ባደረግሽ ቁጥር ይጠፋል። ማሽኑ «ኮንፊገሪንግ አፕዴትስ» እያለ ሲለፋ ቆይቶ ሲነሳ እንደ ቀድሞው ነው። መጀመሪያ «ቡት ቶድ» (ፍሪዙን የሚያነሳው ምርጫ) ላይ አድርጊው፣ ሁሉንም ጭነሽ ጨርሺ፣ ሪስታርቶቹ ካለቁ በኋላ መልሰሽ ፍሪዝ።

ሌላው፣ «ዲፕ ፍሪዝ አለኝ፣ ቫይረስ ቢገባም ሪስታርት አድርጌ አጸዳዋለሁ» የሚል ሰው አለ። ማሽኑ ንጹሕ ሆኖ ይነሳል፤ ጎረቤቱ ተይዞ ከሆነ ግን ወዲያው መልሶ ይይዘዋል። የተማሪ ፋይል የሚቀመጥበት ፍሪዝ ያልሆነ ድራይቭ ካለ ደግሞ እዚያ ያለው ተቆልፎ ይቀራል።

ሒሳብ_ሹም — ሰኞ፣ ቀን 9፡12

ልጆቼ፣ እኔ የአይቲ ሰው አይደለሁም፤ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ፒችትሪ ስትሉ ሰምቼ ነው የገባሁት። እኛ ቤት አንድ ጊዜ አንድ ልጅ መጥቶ «ሴኩሪቲ አጠናክራለሁ» ብሎ የሆነ ነገር ዘጋና ከሁለተኛው ኮምፒውተር ካምፓኒውን መክፈት አቃተን። የግብር ማስታወቂያ ሰሞን ነበር። ከዚያ ወዲህ አፕዴት የሚባል ነገር ሲነሳ ሆዴ ይገላበጣል። ይሄ አፕዴት ፒችትሪን አይነካም ወይ?

ሰርቨር_ክፍል — ሰኞ፣ ቀን 10፡25

ጋሼ፣ ስጋትዎ እውነት ነው። በግምት ልጁ የዘጋው ፋየርዎል ነው። ለላብ «445ን ዝጉ» ያልኩት ሼር ፎልደር ስለሌላቸው ነው፤ ፋይናንስ ላይ ግን እሱ ከተዘጋ ፒችትሪ ዳታውን የሚያገኝበት መንገድም አብሮ ይዘጋል። እዚያ ፖርቱ ሳይሆን ቀዳዳው ነው የሚደፈነው።

ቀዳዳው ያለው ኤስኤምቢ 1 በሚባለው የድሮ የፋይል መጋሪያ ቋንቋ ውስጥ ነው። ሁለት ዊንዶውስ 7 እርስ በርስ ሲነጋገሩ የሚጠቀሙት ኤስኤምቢ 2.1ን ነው። ስለዚህ ከጥገናው በኋላ የድሮውን ጨርሶ ቢያጠፉት እንኳ ፒችትሪ ልዩነቱን አያውቀውም። ሊኮርፉ የሚችሉት ኤክስፒው እና ስካን አድርጎ ወደ ፎልደር የሚልክ የቆየ ፎቶ ኮፒ ማሽን ካለ እሱ ናቸው፤ ሁለቱም ከድሮው ሌላ ቋንቋ አያውቁም።

ብቻ አይቲዋ ወደ ፋይናንስ ከመግባትሽ በፊት ሁሉም ፒችትሪን ይዝጉ፤ ከራሱ ከፒችትሪ ሜኑ ባክአፕ ይወሰድ፤ ባክአፑ ያለበት ፍላሽ ተነቅሎ በሒሳብ ሹሙ መሳቢያ ይቆለፍ። እዚያው ማሽን ላይ ዲ ድራይቭ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ባክአፕ አይባልም፤ ራንሰምዌር ሲ እና ዲ አይለይም። ሥራውንም የወር መዝጊያ ሰሞን አትንኪው።

ፎርማት_ጌታ — ሰኞ፣ ማታ 1፡50

እሺ ጎስቱን ተውኩት። ግን ስንቱ ዊንዶውስ ክራክ እንደሆነ እያወቃችሁ ለምን ትሸፋፍናላችሁ? አፕዴት ስታደርገው ጀርባው ጠቁሮ «ይህ ኮፒ ትክክለኛ አይደለም» ይልሃል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይነሳም። ደንበኛ «አበላሸህብኝ» ብሎ ገንዘብ አልከፍልም ያለኝ ስንት ጊዜ ነው። ለዚያ ነው ቴክኒሽያን ሁሉ ዊንዶው ሲጭን አፕዴቱን ኦፍ የሚያደርገው።

አወያይ — ሰኞ፣ ማታ 2፡10

የክራክ ሊንክ እንዳይለጠፍ። ወሬው ይቀጥል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ — ሰኞ፣ ማታ 4፡35

ከሜሪላንድ ነኝ፤ ሥራዬ ሰርቨር ፓች ማድረግ ነው። @ፎርማት_ጌታ ያነሳው ነገር መልስ ይገባዋል።

«ትክክለኛ አይደለም» የሚለውን ማስጠንቀቂያ የሚያመጣው ኬቢ971033 የሚባል ለብቻው የቆመ ነገር ነው። አይቲዋ እንድታወርድ በተነገራት ዝርዝር ውስጥ የለም። አፕዴቱን ሁሉ ኦፍ አድርጎ መሄድ ግን ለአንድ ጥቁር ጀርባ ተብሎ በሩን ክፍት አድርጎ ማደር ነው።

ፓች ማሽን ያበላሻል የሚለው እውነት አለው፤ አንዳንዴ ግን ሌባውን ያሳበቀ ነው የሚወቀሰው። የካቲት 2002 ማይክሮሶፍት ኤምኤስ10-015 የሚባል የከርነል (የዊንዶውሱ እምብርት) ፓች ሲያወጣ ብዙ ኤክስፒዎች በሰማያዊ ስክሪን ወደቁ። ሰው ሁሉ ማይክሮሶፍትን ተራገመ። ሲጣራ ማሽኖቹ ቀድሞውኑ አሉሪዮን የተባለ ሩትኪት (ሥር ሰድዶ የሚደበቅ ቫይረስ) ይዟቸው ኖሯል። ሩትኪቱ የከርነሉን አድራሻዎች በቃሉ ይዞ ነበር የሚሠራው፤ ፓቹ አድራሻዎቹን ሲያዛውርበት ባዶ ቦታ ረግጦ ማሽኑን ይዞ ወደቀ። ስለዚህ አንድ ማሽን ከፓች በኋላ አልነሳ ካለ «ፓቹ ነው» ከማለትህ በፊት ውስጡ ማን እንዳለ እይ።

ለዚህ ነው እኛ አንድም ቀን ሁሉንም ባንዴ የማንነካው። መጀመሪያ ማንም የማይሟገትለት አንድ ማሽን፣ ቀጥሎ ከየክፍሉ አንድ አንድ፣ ሥራ ላይ ውለው ካደሩ በኋላ የቀሩት። አይቲዋ ላብሽ ውስጥ አስተማሪው የማይጠቀምበት፣ ጥግ ላይ ያለ ኮምፒውተር አይጠፋም፤ በእሱ ጀምሪ።

ኡቡንቱ_ብቻ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡15

ሠላሳውንም ኡቡንቱ (ሊነክስ) ጫኝባቸው፣ ነገሩ አለቀ። ነጻ ነው፣ ቫይረስ የለ፣ ክራክ የለ።

ሰርቨር_ክፍል — ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡02

ለላቡ መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ መምህራኑ የሚያስተምሩት በዊንዶውስ ካልሆነ። «ቀዳዳ የለበትም» ብለህ ከሆነ ግን ዋናክራይ በመጣበት በዚያው ወር፣ ግንቦት 16 ቀን 2009፣ ሳምባ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ተገኝቷል። ሳምባ ማለት ሊነክስ ፋይል ሼር የሚያደርግበት ፕሮግራም ነው። ቀዳዳው ከ3.5.0 ጀምሮ፣ ማለት ከሰባት ዓመት በላይ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ኡቡንቱ ጭነህ አፕዴት ካላደረግከው ስሙ ተለወጠ እንጂ ያው ነው።

ኡቡንቱ_ብቻ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡09

አፕዴቱ ሪስታርት አይጠይቅም ግን 😏

ሲልቨር_ስፕሪንግ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡31

ከርነሉ ይጠይቃል። አዲሱን ከርነል ጭኖ ሪስታርት ያላደረገ ሰርቨር በአሮጌው ነው የሚሮጠው። «ከዓመት በላይ አልጠፋም» ብሎ በሰርቨሩ የሚኮራ ሰው ሳይ እኔ የማስበው ሌላ ነው።

ሦስተኛ_ዓመት_ሲኤስ — ማክሰኞ፣ ቀን 5፡44

ይቅርታ ወሬውን ላቋርጥና፣ ቀዳዳው በትክክል ምንድን ነው? ሁሉም «ኤስኤምቢ 1» ይላል፣ ግን ኮዱ ውስጥ ምን ተሳስቶ ነው?

ሰርቨር_ክፍል — ማክሰኞ፣ ቀን 7፡18

ጥሩ ጥያቄ። ኤስኤምቢ 1 ኦኤስ/2 ከሚባል ጥንታዊ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጋር እንዲግባባ ተብሎ የተቀመጠ ኮድ ነበረው። ከደንበኛው ማሽን የፋይል ተጨማሪ ባሕርያት ዝርዝር ሲመጣ፣ ያን ዝርዝር ከኦኤስ/2 ቅርጽ ወደ ዊንዶውስ ኤንቲ ቅርጽ የሚለውጥ። ከመለወጡ በፊት መጠኑን አስልቶ በከርነሉ ውስጥ የዚያን ያህል ማስታወሻ (ሜሞሪ) ያስይዛል።

የዝርዝሩ ጠቅላላ መጠን የተያዘው በ4 ባይት ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የተበላሸ ነገር ካለ ኮዱ እስከ ደህናው ድረስ ብቻ ቆርጦ መጠኑን ያሳንሳል። ሲያሳንስ ግን የሚጽፈው በታችኛው 2 ባይት ላይ ብቻ ነው፤ የላይኛው 2 ባይት እንደ ነበረ ይቀራል። አጥቂው ከ65,535 ባይት የሚበልጥ ዝርዝር ከላከ ማነስ የነበረበት ቁጥር ጭራሽ አድጎ ይገኛል። የተያዘው ቦታ ትንሽ፣ የሚገለበጠው ብዙ። የተረፈው ጎረቤት ማስታወሻ ላይ ይፈስሳል። ጎረቤቱ ደግሞ የከርነል ማስታወሻ ስለሆነ፣ የሚፈስሰውን አስልቶ የላከ ሰው ያለ ይለፍ ቃል የማሽኑ ጌታ ይሆናል። የሁለት ባይት ነገር ነው እንግዲህ ሆስፒታል የዘጋው።

ሦስተኛ_ዓመት_ሲኤስ — ማክሰኞ፣ ቀን 7፡25

ዋው። ሲ ላይ ታይፕ ካስቲንግ ሲያስተምሩን ይሄን ቢነግሩን ማን ይተኛ ነበር።

አይቲዋ_ሐዋሳ — ረቡዕ፣ ቀን 8፡40

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኢንተርኔት አድራሻውን ነገር ለአለቃዬ ሳስረዳቸው ዝም ብለው ቆዩና «የላቡን ዝጊና ሥሪ» አሉኝ። የታይዋኑ ፋብሪካ ሳይሆን አይቀርም የረዳኝ።

ጥግ ላይ ባለው ማሽን ጀመርኩ። ዲፕ ፍሪዙን ቶድ አደረግኩ፣ ትልቁን ሳስጭነው 80092004 የሚል ስህተት ሰጥቶ ወጣ። ሌላኛው ማሽን ላይ ደግሞ «ይህ አፕዴት ለኮምፒውተርዎ አይሆንም» ይላል። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን? እንደገና ማውረድ አልፈልግም።

ሰርቨር_ክፍል — ረቡዕ፣ ቀን 9፡05

አታውርጂ፣ ፋይሉ ደህና ነው። 80092004 ማለት ዊንዶውሱ የፋይሉን ፊርማ ማንበብ አልቻለም ማለት ነው። ከ2011 ክረምት ጀምሮ የማይክሮሶፍት አፕዴቶች የሚፈረሙት ሻ-2 በሚባል አዲስ የፊርማ ዘዴ ብቻ ነው፤ የቆየው ዊንዶውስ 7 ደግሞ የሚያውቀው ሻ-1ን ነው። ኬቢ4474419 የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። እሱ ከተጫነ በኋላ ሪስታርት ሳታደርጊ ወደ ትልቁ አልፈሽ ይሆናል።

«አይሆንም» የሚለው ማሽን ላይ ኮምፒውተር የሚለውን ራይት ክሊክ አድርገሽ ፕሮፐርቲስ ግቢ። ወይ ሰርቪስ ፓክ 1 የለውም፣ ወይ 32 ቢት ላይ የ64ቱን እየጫንሽ ነው።

አይቲዋ_ሐዋሳ — ረቡዕ፣ ማታ 12፡50

ሁለቱም ልክ ነህ 😅 የመጀመሪያው ተጭኗል። አንድ ግራ የገባኝ ነገር ግን አለ። «ኢንስቶልድ አፕዴትስ» ውስጥ ሪፖርቱ ላይ የተጻፈውን ኬቢ4012212 ስፈልግ የለም። ባለሙያው ተመልሶ ሲመጣ «አልተጫነም» ቢለኝስ?

ሲልቨር_ስፕሪንግ — ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡20

ይሄ ሁሉንም ሰው ያደናግራል። ቁጥሩን አትፈልጊ፤ ኋላ የመጣው ጥቅል ውጦታል። ፋይሉን ራሱን ጠይቂው። ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ድራይቨርስ ውስጥ «ኤስአርቪ» የሚባል የሲስተም ፋይል አለ። ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ። ቨርዥኑ 6.1.7601 ብሎ ይጀምርና በመጨረሻው ቁጥር ይለያል። ያ ቁጥር 23689 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተደፍኗል። የአንቺው የ2012 ስለሆነ በ24 ሺዎቹ ውስጥ ታገኚዋለሽ።

ከኔትወርክ የሚቃኘውም ቢሆን የኬቢ ዝርዝር አያነብም። ኤንማፕ የሚባለው የኔትወርክ መቃኛ ፕሮግራም ለምሳሌ አንድ ሆን ተብሎ የተበላሸ ጥያቄ ይልክና የማሽኑን መልስ ይሰማል። ማሽኑ «የሰርቨር አቅም አነሰኝ» ዓይነት ስህተት ከመለሰ ያልተጠገነ ነው፤ «አልተፈቀደም» ወይም «ሃንድሉ ልክ አይደለም» ካለ ተጠግኗል። እሱን አውርደሽ ባለሙያው ሳይመጣ ራስሽ ቃኚው። በራስሽ ኔትወርክ ላይ ብቻ፣ አለቃሽ እያወቁ።

ሳልረሳው አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ላቡ በሙሉ ከአንድ ጎስት የተጫነ ከሆነ የአድሚኒስትሬተሩ ይለፍ ቃል በሠላሳውም ላይ አንድ ነው አይደል? ፋይናንስስ ላይ?

አይቲዋ_ሐዋሳ — ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡45

… አንድ ነው። ፋይናንስም ጭምር።

ሲልቨር_ስፕሪንግ — ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡10

እንግዲያው ፓቹ ግማሽ መንገድ ነው። ዋናክራይ ባለፈ በስድስት ሳምንቱ፣ ሰኔ 20 ቀን 2009፣ ኖትፔትያ መጣ። በዩክሬን ሚዶክ ከሚባል የግብር ሶፍትዌር አፕዴት ጋር ተላከና ወደ ዓለም ወጣ። እሱም ኢተርናልብሉን ይዟል፤ ግን ከያዘው ማሽን ማስታወሻ ውስጥ ይለፍ ቃል እየለቀመ በእሱም ይገባ ነበር። አንድ ያልተጠገነ ማሽን ሲያገኝ፣ በእዚያ የለቀመውን ቁልፍ ይዞ ኤምኤስ17-010 የተጫነባቸው ማሽኖች ውስጥ በፊት ለፊት በር ገባ። ለዚህ ነው የፋይናንሱን ይለፍ ቃል ከላቡ ለይው የምልሽ፣ ሌላው ቢቀር።

የመርከብ ድርጅቱ ሜርስክ በዚያ ቀን የደረሰበትን ስሚ። የኔትወርኩን ተጠቃሚዎች ዝርዝር የሚይዙት ዶሜይን ኮንትሮለሮች 150 ገደማ ነበሩ። እርስ በርስ ስለሚገለባበጡ «አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ» ተብሎ ባክአፕ አልተያዘላቸውም። ሁሉም ባንዴ ጠፉ። አንድ ብቻ ተረፈ፣ ጋና ያለው። ለምን ተረፈ? ትሉ ሲመጣ እዚያ መብራት ሄዶ ነበር! በጋና ኢንተርኔት ወደ እንግሊዝ ለመላክ ቀናት ሊፈጅ ሆነ፤ ሰው ሃርድ ዲስኩን ይዞ እንዳይበር የጋና ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ የላቸውም። በመጨረሻ አንዱ ናይጄሪያ ድረስ ወስዶ ኤርፖርት ላይ ለሌላ አስረከበውና ለንደን ገባ። ከዚያ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር በዐሥር ቀን ገደማ እንደ አዲስ ተጫነ።

ካፌው_ሰው — ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡22

ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት መጥፋቱ ድርጅት አዳነ 😂 እኛማ በዚህ ሒሳብ የዓለም አንደኛ ሴኪዩር አገር ነን።

ሒሳብ_ሹም — ሐሙስ፣ ቀን 6፡00

ቪዛው ላይ ሳቄ መጣ። ለካ ሃርድ ዲስክም ቪዛ ይከለከላል።

ፎርማት_ጌታ — ሐሙስ፣ ቀን 8፡15

እኔም ጥያቄ አለኝ። ለደንበኛ የምጭንበት ፍላሽ ላይ ያለው ዊንዶውስ 7 የድሮው ነው። በየቤቱ እየሄድኩ እነዚህን አራት ነገሮች ስጭን ልውል ነው? ሰው የሚከፍለኝ እኮ ለአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ሰርቨር_ክፍል — ሐሙስ፣ ቀን 8፡50

አትውልም። አንዴ ፍላሹን አስተካክለው። ዲስም በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ የመጫኛውን ኢሜጅ ከፍተህ ኬቢዎቹን በዚያው ቅደም ተከተል ውስጡ መክተት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የምትጭነው ሁሉ ተደፍኖ ነው የሚወጣው። አይቲዋም ላቡን ስትጨርስ ከአንዱ ንጹሕ ማሽን አዲስ ጎስት ታውጣ፣ አሮጌውን ታጥፋ። «ለማንኛውም ይቀመጥ» የተባለ ጎስት ነው በዓመቱ ቀዳዳውን ይዞ የሚመለሰው።

ደንበኛህ አዲስ ሊገዛ የሚያስብ ከሆነ ግን ንገረው፦ ዊንዶውስ 7 ከ2012 ወዲህ በነጻ ምንም አላገኘም፣ በክፍያ የነበረውም 2015 ላይ አልቋል። ዊንዶውስ 10ም ቢሆን ጥቅምት 4 ቀን 2018 መደበኛ ድጋፉ ተቋርጧል። እዚህ የምንሠራው የታወቀ ቀዳዳ መድፈን ነው፤ ነገ የሚገኘውን የሚደፍንልን የለም።

አይቲዋ_ሐዋሳ — ቅዳሜ፣ ቀን 9፡35

ላቡ አልቋል። በኤንማፕ ቃኘሁት፣ ቀይ የለም፤ የቀረው ኬብሉ የተነቀለው ኤክስፒ ብቻ ነው። የፋይናንስ ይለፍ ቃል ተቀይሯል፤ ፒችትሪ ከሁለቱም ወገን ይከፍታል፣ ጋሼ አይስጉ።

ኤክስፒውን ግን ምን ላድርገው? ማይክሮሶፍት ለኤክስፒም አውጥቶ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ሰርቨር_ክፍል — ቅዳሜ፣ ቀን 10፡10

እውነት ነው። ድጋፉ ካለቀ ሦስት ዓመት አልፎት እያለ ዋናክራይ በመጣ በማግስቱ ኬቢ4012598ን አወጡለት። ሰርቪስ ፓክ 3 ይፈልጋል። ጫኚው፣ ግን እሱን አምነሽ ወደ ኔትወርኩ አትመልሺው፤ ኤክስፒ ላይ ያለው ቀዳዳ ይሄ ብቻ አይደለም። ከማተሚያው ጋር ብቻውን ይኑር። የተማሪ ፎቶ የምታመላልሺበት ፍላሽ ለዚያ ብቻ ይሁን፣ ሌላ ማሽን ላይ ሲሰካም ይፈተሽ።

አይቲዋ_ሐዋሳ — ሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

ዛሬ ጠዋት የፋይናንስ ኃላፊዋ ደወሉልኝ፤ «ቫይረሱ ገባ፣ የኮሌጁ ዓርማ ጠፍቶ ስክሪኑ ጠቁሯል» እያሉ። ሄጄ ሳየው አይኮኖቹ አሉ፣ ሁሉም ይሠራል፣ ዎልፔፐሩ ብቻ ጥቁር ነው። ሦስት ማሽን ላይ እንደዚያው። ላቡ ላይ የለም። ክራክ አይደሉም፣ ከነላይሰንሳቸው የተገዙ ናቸው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ — ሰኞ፣ ጠዋት 2፡58

ቫይረስ አይደለም፣ የማይክሮሶፍት ስንብት ነው። ኬቢ4534310 ራሱ ይዞት የመጣው ጉድለት ነው፤ ዎልፔፐሩ «ስትሬች» ተብሎ ከተቀመጠ ያጠቁረዋል። የላቡ «ፊል» ወይም «ሴንተር» ላይ ይሆናል። የፋይናንሱንም ወደ «ፊል» ቀይሪው፣ ዓርማው ይመለሳል። ማስተካከያ ይሻላል ካልሽ ኬቢ4539602 አለ፤ ለዚህ ብቻ ብለው ድጋፉ ካለቀ በኋላ በነጻ ለሁሉም አውጥተውታል። ኬቢ4474419 እና ኬቢ4490628 ቀድመው መጫናቸውን አረጋግጠሽ።

አይቲዋ_ሐዋሳ — ሰኞ፣ ጠዋት 3፡15

«ፊል» አደረግኩት፣ ተመለሰ። ኃላፊዋ ዓርማው ከበፊቱ ሰፋ ብሎ ጥሩ ሆኗል አሉ።